የኮማሪዋ ማኅበር

ሐረገ ወይን ከእስቴ ወደ ወገዳ የመጣችው ባሏን ፈትታ ነው ይባላል። ይህ ለወጉ ያህል ነው እንጂ የተፈታችስ እሷ ነበረች። ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ሌላ አገባባት፤ እሷም ከመካነ ኢየሱስ ገበያ የገዛችውን አንድ ጋን በአህያ አስጭና፣ ማንም በማያውቃት አገር፣ ከመንገድ ዳር ያለች አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይታ ጠላ ጠመቀች። ያኔ ወጣት ነበረች። አሁን ጠጉሯ ገብስማ ሆኗል፤ ቤቲቱንም የራሷ አድርጋ ቆርቆሮ አልብሳታለች።

መጀመሪያ ላይ ጠላ የምትሸጠው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነበር። ጠጪ ሲገባ ብድግ ትላለች፣ አገሩን ትጠይቃለች፣ ቤተሰቡን ትጠይቃለች፣ በሬ የሞተበት ካለ አጠገቡ ተቀምጣ አብራው ታለቅሳለች። ያተረፈችውን ልንገራችሁ። አብራው ያለቀሰችለት ሰውዬ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከባት። ሰውዬው ሚስት ነበረችው። ሚስቲቱም በገበያ መሐል ቆማ በሐረገ ወይን ላይ ያላወረደችው የስድብ ዓይነት አልነበረም፤ ገበያተኛውም እህሉን ትቶ እሱን ሲሰማ ዋለ።

ሌላው ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ነበር። ጠጥቶ ጠጥቶ በቃኝ ቢል፣ እናቷ ቤት እንዳየችው አድርጋ፣ «በሞቴ! ይህችን ብቻ!» ብላ ቀዳችለት። ተግደርድሮ ጠጣ። ደግማ ለመነችው፤ ደግሞ ጠጣ። ወደ አገሩ ሲወርድ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ። በማግስቱ ዘመዶቹ ዱላቸውን ይዘው ደጇ ላይ ቆሙና፣ «በሞቴ እያልሽ ያጠጣሽው አንቺ ነሽ፤ ሂሳቡ እንዲበዛልሽ ብለሽ ነው» አሏት። እሷ ደግሞ ስለ ሂሳቡ ጨርሶ አላሰበችም ነበር። ይህን ግን ማን ያምናታል?

ከዚያ ወዲያ ተማረች። ኮማሪ ከጠጪ ጋር አትቀመጥም። አገርህ ወዴት ነው ብላ አትጠይቅም። ችግሩን የሚያወራ ሲገጥማት «እግዜር ያውቃል» ብላ ጋን ለማየት ወደ ጓዳ ትገባለች። በቃኝ ያለ ሰው በቃው፤ ጣሳውን አንስታ ታጥባለች። ያልበቃው የመሰላትን ደግሞ ፊቱን ሳታይ «ይጨመር ወይ?» ትለዋለች፤ ከዚህ ሌላ ቃል አታወጣም።

እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ሠራላት። የእሷ ቤት ጠብ የማይነሳበት፣ መምህሩም የጤና ጣቢያው ሠራተኛም ግራ ቀኝ ሳያይ የሚገባበት ቤት ሆነ። ስለ እሷ ክፉ የሚያወራም ጠፋ። አዲስ ጠላ ቤት የሚከፍቱ ሴቶች ምክር ሲጠይቋት አትነፍጋቸውም፤ «እዘኚላቸው፤ ግን አይወቁብሽ» ትላቸዋለች። ብቸኝነት የሚባል ነገር አጠገቧ መኖሩንም በዚያ ሁሉ ዓመት ልብ አላለችም። ከጠዋት እስከ ማታ ቤቷ ሰው ነዋ! ቤቱ በሰው የተሞላ ሰው፣ ሰው ያለው ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት ግን ታመመች። ታይፎይድ ነበር። ከመውደቋ በፊት እንደምንም ተንፏቃ ወጥታ፣ በራፉ ላይ ከተተከለው እንጨት ጣሳውን አወረደች። ጣሳ ከተሰቀለ ጠላ አለ፣ ከወረደ የለም፤ ይህን የማያውቅ ጠጪ የለም። ከዚያ አልጋዋ ላይ ሆና ኮቴያቸውን ስታዳምጥ ሰነበተች። የሁሉንም ድምፅ ትለያለች። «ጣሳው ወርዷል» ይላል አንዱ። «ጌሾ አልቆባት ይሆናል፤ በሉ ወደ ታች እንውረድ» ይላል ሌላው። ምን ሆና ይሆን ብሎ በሯን የቆረቆረ አንድም ሰው አልነበረም። ውኃ የሚያቀብላት ስለሌለ እስከ እንስራው ድረስ በእምብርክኳ ትሄድ ነበር። እዚያው እንስራው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ብሞት የሚያውቁት ስሸት ነው ብላ አለቀሰች።

እግዜር ማራት፤ ተነሳች። የተነሳች ዕለትም ማኅበር እገባለሁ ብላ ቆረጠች። ማኅበርተኛ ያለው ሰው ቢታመም ይጠየቃል፣ ቢሞት በወግ ይቀበራል፤ በየወሩም አንድ ቀን ሰው ቤት ገብቶ እንግዳ ይሆናል። ሐረገ ወይን ሰው ቤት ገብታ እንግዳ ከሆነች ስንት ዘመኗ!

ጎረቤቷ አሰለፈች የማርያም ማኅበርተኛ ናት። አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ቅን ሴት ናት፤ ለማኅበሩ የሚሆነውንም ጠላ ሁልጊዜ ከሐረገ ወይን ትገዛለች። በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት ማኅበርተኛ ዐርፈው ቦታቸው ክፍት ስለነበር፣ ነገሩን አነሳችላት። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አቶ ዓለምነህ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ ሰው፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ክፉ ሴት ናት አላልሁም። ግን ኮማሪ ናት። የማርያም ጽዋ ከኮማሪ ቤት እንዴት ይገባል?» አሉ።

ማኅበሩን በጸሎት የሚያገለግሉት መሪጌታ ፈንታ ግን ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማሩ ቁራሽ እየለመኑ ያደጉ ናቸው። «እኔ ቁራሽ ስቀበል የማን ደጅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ትምጣ» አሉ።

ብዙ ተባለ። በመጨረሻ፣ የጥቅምትን ማርያም በቤቷ ደግሳ ታውጣና እንያት፣ ከዚያ ተነጋግረን እንቆርጣለን ተባባሉ። አሰለፈች ይህን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ሐረገ ወይንም ስትሰማ እጇን ምን ላይ እንደምታደርገው ጠፋት።

እንደ ሙሽራ ቤት ነው የተሰናዳችው። ለሽያጭ የማታወጣውን ገብስ አወጣች፤ ጌሾውን ለሰው ሳትሰጥ ራሷ ወቀጠች። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላልና ሙክት ገዛች። ግድግዳውን ለቀለቀች። የጠጪውን ጣሳ ሁሉ ጓዳ ደብቃ ከአሰለፈች ዋንጫ ተዋሰች። በዋዜማው በራፉ ላይ ያለውን ጣሳ ስታወርድ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ በታመመች ጊዜ ያወረደችው ጣሳ እንደሆነ እንኳ ትዝ አላላትም።

ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው ተቀመሰ። ገበታ ቀረበ። ወጡ አፍ እንደሚመኘው ሆኖ ተሠርቷል፤ ጠላው ጠርቶ ፊት ያሳያል። ሐረገ ወይን ማንቆርቆሪያውን ይዛ በጓዳው በር ቆመች።

መቼም የኛን አገር እንግዳ ታውቁታላችሁ። እየራበው አልራበኝም ይላል። ዋንጫው ሳይጎድል በእጁ ይከድነዋል። ባለቤቲቱ ትለምናለች፣ እሱ እምቢ ይላል። «አፈር ስሆን! እምቢ ካሉኝስ እኔም ዛሬ እህል አልቀምስ!» ስትል፣ ያኔ እያጉረመረመ ይበላል፤ ሆዱም ልቡም ይሞላል። ሳይለመን የሚበላ እንግዳ ነውረኛ ነው። ሳትለምን የምትቀር ባለቤት ደግሞ ምን እንደምትባል እንጃ፤ እንዲህ ያለች ሴት ወገዳ ውስጥ ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም።

አቶ ዓለምነህ ከእንጀራው ጠርዝ ትንሽ ቆረሱ፤ ሥጋውንም ለምልክት ያህል ነኩ። ከዚያ በወጉ እጃቸውን ሰበሰቡና «እግዜር ይስጥልን፤ በቃን» አሉ። በዚያው ገበታ የቀረቡት ሁለት ሽማግሌዎችም እሳቸውን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እሺ» አለች ሐረገ ወይን። ትሪውን አነሳችው።

አንደኛው ሽማግሌ በዓይናቸው እስከ ጓዳው ድረስ ሸኙት። በሴቶቹ ገበታ ላይም እንዲሁ ሆነ። መሪጌታ ፈንታ ዋንጫቸውን በመዳፋቸው ሲከድኑ፣ ማንቆርቆሪያውን መለሰችና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈች። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የእሷ ልማድ ደግሞ ማዕዱን ከነእንግዳው ሰረቀባት። ክፋቱ፣ እሷ ሁሉም ነገር የተሳካ ነው የመሰላት። ማንም አላፈሰሰም፣ ማንም አልጮኸም፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያለ ቤት ጥሩ ቤት እንደሆነ ነው ስንት ዓመት የምታውቀው። እዚያ በር ላይ ቆማ ደስ ብሏት ነበር።

አሰለፈች ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«ኧረ ለምኛቸው እንጂ! ምን ሆነሻል?»

«በቃን አሉ እኮ።»

«የእግዜር ያለህ! ሰው በቃኝ ሲል በቃው ማለት ነው እንዴ? ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የመጡት! ትሪውን ከፊታቸው ነጥቀሽ ስትሄጂ አላየሁሽም መስሎሻል?»

ሐረገ ወይን ዞራ አየች። ሙክቱ እንዳለ ተቀምጧል። ከትሪዎቹ ላይ ጥግ ጥጉ ብቻ ተነክቷል። ያኔ ገባት። ትኩስ ወጥ ጨለፈችና ትሪውን ይዛ ወጣች፤ አቶ ዓለምነህ ፊት አጎንብሳ ቆመች። በሞቴ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። መጥቶ ቆመ። ስንት ዘመን ከአፏ ያላወጣችውን ቃል ሰው ሁሉ እያያት ከየት ታምጣው? አቶ ዓለምነህ ቀና ብለው ጠበቋት። ቤቱ ሁሉ ጠበቃት።

«ይጨመር ወይ?» አለች።

ድምፁ ያው የጠላ ቤቱ ድምፅ ነበር። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የለም፤ ይበቃል» አሉ አቶ ዓለምነህ ቀስ ብለው። ይህኛው በቃኝ የእውነት ነበር።

ጸሎት ተደረገ። ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ለመጪው ወር ተረኛ ተሰጠ፤ ማኅበርተኞቹም እየዘመሩ ሊሸኙት ወጡ። ወጉ ደጋሿ እስከ ተረኛዋ ቤት አብራ እንድትሄድ ነበር። ነይ ያላት ሰው የለም፤ እሷም ነይ ሳትባል አልሄደችም። በሩ ላይ ሆና መዝሙሩ ከገበያው ሜዳ ወዲያ እስኪጠፋ ሰማች። ከዚያ ገብታ ከትሪዎቹ መሐል ተቀመጠች፤ ምግቡን መክደን እንኳ አቃታት።

አሰለፈች የተመለሰችው ከቀትር በኋላ ነው። እንደ ወትሮዋ ገና ከደጅ አልጮኸችም፤ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሉ?» አለች ሐረገ ወይን።

«ክፉ አልተናገሩሽም። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ጠላዋም ወደር የለው አሉ። ግን...»

«ንገሪኝ።»

«አቶ ዓለምነህ ሆቴል የገባሁ ነው የመሰለኝ አሉ። አንዷ ደግሞ፣ መምጣታችን ከብዷት ቶሎ እንድንወጣላት ፈልጋ ነው አለች።»

«መሪጌታስ?»

«እሳቸው ምንም አላሉ። ርቧቸው ነበር መሰለኝ፤ ተረኛዋ ቤት ቆሎ ሲቀርብ ቀና ሳይሉ ቆረጠሙት።» አሰለፈች የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «ቦታውን ለመዓዛ ሰጡት፤ ለመምህርቷ። ጠላውን ግን እንደ ድሮው ከአንቺ እንገዛለን ብለዋል።»

«እሺ» አለች ሐረገ ወይን።

«እቴ! እንዲህ እሺ ይባላል? ተቆጪ እንጂ! መሪጌታ ደጅ ሄጄ እወድቃለሁ በይ! አማልጂኝ በይኝና እኔም ልሂድልሽ!»

«ካሉማ ብለዋል።»

አሰለፈች ተነሳችና ዋንጫዎቿን በጉያዋ ሰብስባ ወጣች፤ አንዱን ብቻ ሳታየው መደቡ ላይ ረሳችው። ሐረገ ወይን እንዳትሄድባት ፈልጋ ነበር። ተቀመጪ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደምሌ በበሩ አንገቱን አስገባ። ደምሌ የበግ ነጋዴ ነው፤ በገበያ ቀን ከዚህ ቤት ቀርቶ አያውቅም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጠጥቶ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሐረገ ወይን ሰውየውን ከጎልማሳነቱ ጀምራ ታውቀዋለች፤ ታውቀዋለች ማለት ግን ስንት ጣሳ እንደሚጠጣ ታውቃለች ለማለት ነው።

«ጣሳው ወርዷል፤ በሩ ደግሞ ክፍት ነው። ጠላ አለ ይሆን እትዬ?»

«አለ። ግባ። ዛሬ ሽያጭ የለም፤ የማርያም ጸበል ጸዲቅ ነው።»

ደምሌ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበና ገባ። ወጡን አሙቃ አቀረበችለት፤ በተረሳው ዋንጫ ቀዳችለት። እሱ ግራ ቢገባውም በላ። ከገበያ የመጣ ሰው ነውና በደንብ በላ። ከዚያ እጁን ጠረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ። በቃኝ።»

ሐረገ ወይን እጇን ወደ ትሪው ሰደደች። ከዚያ መለሰችው።

«በሞቴ» አለች።

ቃሉ እንዲህ በቀላሉ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ደምሌ ቀና ብሎ አያት። ጥቂት ጎረሰ።

«አፈር ስሆን! ይህችንም ብቻ!» ሥጋውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። ዋንጫውንም ሞላችው። ከዚያም በዚያ ቤት ስንት ዘመን ያላደረገችውን አደረገች፤ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ማኅበሩ ቢቀር፣ ይህ ሰው አለ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ በር ሥር ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

«ደምሌ፣ አገርህ ወዴት ነው?»

የደምሌ እጅ ከዋንጫው ላይ ቆመ።

«ምነው? ስለ እኔ ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ?» በዚህ ዘመን እንዲሁ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ ደምሌ ያውቃል። በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። «እዚያ ማዶ።»

«ልጆችስ አሉህ?»

«ይመስገነው።»

አሉኝም የሉኝምም አላለም። በሩን አየ፤ ባርኔጣውን አነሳ፤ ዋንጫውን ቆሞ ጨለጠው። ሐረገ ወይንም ብድግ ብላ ማንቆርቆሪያውን ያዘች። «በማርያም! አንድ ብቻ ድገምልኝ፤ ቁጭ በል፣ ገና ነው እኮ» ስትለው፣ ሰውየው ከልቡ አዝኖ ተመለከታት።

«እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«የለም። ደኅና ነኝ።»

«እንግዲህ ማርያም ታኑርሽ» አለ። እሷ ማንቆርቆሪያውን ጓዳ አድርሳ እስክትመለስ ወጥቶ ሄዷል። በየትኛውም የገበያ ቀን እንዲህ ሲቸኩል አይታው አታውቅም።

ትሪውን ልታነሳ ስትጎነበስ ከዋንጫው ሥር የታጠፈ ብር አገኘች። እዚያ ቤት ምግብ ተሽጦ ስለማያውቅ ዋጋውን ገምቶ ነው የከፈለው፤ ሳይሰስት ገምቷል። ሐረገ ወይን ብሩን ይዛ፣ ነጠላዋን ሳትደርብ በባዶ እግሯ ወደ መንገዱ ሮጠች።

«ደምሌ! ኧረ ደምሌ!»

ደምሌ የገበያውን ሜዳ አጋምሷል። ዞሮ አያት፤ ብሩን እንዳየም እጁን አፉ ላይ አድርጎ ከሩቅ ተጣራ፦

«አነሰ እንዴ እትዬ? በሚመጣው ገበያ እሞላልሻለሁ!»

እንዲህ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ዕቃቸውን እየሸከፉ የነበሩ ገበያተኞች፣ ኮማሪዋ ሳይከፍል የሄደ ጠጪ ስታባርር አይተው ሳቁ፤ አንዱም «አይዞሽ፤ ይከፍልሻል» አላት።